ከደቻቱ አሸዋ ያነሣኋት ፍየል የክትትል መዝገብ

ጥር 8 ቀን 2017

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በድሬዳዋ፣ ከድልድዩ በታች ባለው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ የኋላ ቀኝ እግሯ በናይሎን ገመድ ተተብትቦ የወደቀች አንዲት ነጭ፣ አጭር ጆሮ የሶማሌ ፍየል አገኘሁ። ገመዱ ከሰኮናዋ በላይ ያለውን ቆዳ ዙሪያውን ቆርጦ ገብቷል፤ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ግንድ ላይ ተጠምጥሟል። ስጠጋት ለመነሣት አልሞከረችም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝና መልሳ አስተኛችው። ለባጃጅ 150 ብር ከፍዬ ገንደ ቆሬ ወደሚገኘው ቤታችን አመጣኋት።

በምድር ባቡር ወርክሾፕ በሠራሁባቸው ዓመታት ለእያንዳንዱ ሞተር የጥገና መዝገብ መያዝ ግዴታችን ስለነበር ልማዱ እስከ ጡረታ ተከትሎኛል፤ ለዚህችም አንድ ደብተር ከፈትሁ። በጆንያ ይዤ በእህል ሚዛን ሳንጠለጥላት 23.5 ኪሎ መዘነች። ሙቀቷ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ ትኩሳት የለባትም። አራት ቋሚ ጥርስ አውጥታለችና ዕድሜዋ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። የዐይን ቆቧን ገልጬ ሳየው ውስጡ ከቀይነት ይልቅ ወደ ነጭነት ያደላ ሮዝ ነው፤ ይህ የደም ማነስን፣ ብዙውን ጊዜም የጨጓራ ትልን ያመለክታል። የጀርባ አጥንቷና ጎድኗ በእጅ ይቆጠራል፤ ሆዷ ግን በርሜል ያህል ተነፍቷል። ሰውነቷና ሆዷ የአንዲት ፍየል አይመስሉም።

ፍየል በማርባት ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎረቤታችን እንዳዩዋት፣ «ልጄ፣ ይህቺማ ከብዳለች፤ ወርም አትቆይ» አሉኝ። እኔም አመንኋቸው።

ጥር 9

ቁስሏን በጨው ውኃ አጥቤ አዮዲን ቀባሁት። ከዚያም ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ባለ 300 ሚሊ ግራም የአልቤንዳዞል እንክብል በ20 ብር ገዝቼ፣ ለክብደቷ የሚሆነውን ያህል ሰብሬ አስዋጥኋት። ሻጩ ስለ እርግዝና አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። ትል ያለበትን እንስሳ ሁሉ በዚሁ መድኃኒት ሲያክሙ እያየሁ ስለኖርሁ ሌላ ነገር ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ማታ የማውቃቸውን የእንስሳት ሐኪም ደውዬ ሳማክራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ምን ሰጠሃት?» ብለው ነው። አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያው ወር ውስጥ ከተሰጠ ፅንሱን ሊያበላሽ እንደሚችል፣ ስለዚህ መቼ እንዳረገዘች ለማይታወቅ ፍየል እንደማይመረጥ ነገሩኝ። ጎረቤታችን እንዳሉት ለመውለድ ወር ብቻ ከቀራት የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ገና ጀምራ ከሆነ ግን ጉዳቱን የማውቀው ስትወልድ ነው። ይህን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ጻፍሁት፤ በወራቱ ሁሉ ደብተሩን በከፈትሁ ቁጥር ዐይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር።

ጥር 10 እስከ ጥር 25፤ ባለቤት ፍለጋና የቀን ስሌት

የሰው ንብረት ናትና በቀበሌ አስመዘገብኋት፤ ለመስጊዱ አባቶች ነግሬ ሁለት ጁምዓ ተለፈፈ፤ በቀፊራ ገበያ ፍየል ለሚሸጡ ሴቶችም የጆሮዋን ምልክት አሳየሁ። በጥምቀት ሰሞን ከየአካባቢው ብዙ ሰው ስለሚገባ ያን ጊዜ ይገኛል ብዬ ነበር፤ የኔ ናት ያለ ግን አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ባለቤት እስኪገኝ በአደራ እንድይዛት በምስክር ፈረሙልኝ።

ፍየል ካረገዘች በኋላ በ150 ቀን ገደማ፣ ማለትም ከ145 እስከ 155 ባለው ቀን ውስጥ ትወልዳለች። የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ስሌት የተመቸ ነው፤ ጳጉሜን በመሐል እስካልገባች ድረስ 5 ወር ልክ 150 ቀን ስለሆነ፣ በታኅሣሥ 2 ያረገዘች በግንቦት 2 ትወልዳለች ብሎ በቃል መናገር ይቻላል። የእኔ ችግር የመነሻው ቀን አለመታወቁ ነው። ሆኖም የማውቀው አንድ ቀን አለ፤ ከጥር 8 ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ አውራ ፍየል አላገኛትም። እርጉዝ ከሆነች እጅግ ቢዘገይ የምትወልደው እስከ ሰኔ 13 ድረስ ነው ማለት ነው። ሰኔ 13ን ከግድግዳው ካላንደር ላይ ከብቤ፣ እስከዚያ ድረስ እርጉዝ እንደሆነች ቆጥሬ ልይዛት ወሰንሁ። እርጉዝ ሳትሆን እንደ እርጉዝ ብትያዝ የምከስረው መኖ ነው፤ እርጉዝ ሆና እንደ ባዶ ብትያዝ ግን እሷም ልጆቿም ሊሞቱ ይችላሉ።

በዚሁ ውሳኔ መሠረት ልጄ ወደ በረቱ እንዳትገባ ከለከልኋት፤ እሷም ነፍሰ ጡር ናትና። ፍየሎችን የሚያስወርዱ እንደ ብሩሴሎሲስና ቶክሶፕላዝማ ያሉ በሽታዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ በሽንት፣ በውርጃ ፈሳሽና በእንግዴ ልጅ በኩል ለሚመጣው ሁሉ ነፍሰ ጡር ሴት ይበልጥ ተጋላጭ ናት። በረቱን የምጠርገው በጓንት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጫማዬንም ደጅ ላይ አወልቃለሁ።

የሆዷን ዙሪያ በሜትር መለካት ጀመርሁ። የመጀመሪያው ልኬት 84 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት ቀኑ 88፣ በማግስቱ 83 ሲሆንብኝ ግራ ተጋባሁ። ኋላ እንዳስተዋልሁት፣ አንዱን ውኃ ከጠጣች በኋላ፣ ሌላውን በባዶ ሆዷ ነበር የለካሁት። ከዚያ በኋላ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ውኃም መኖም ሳትቀምስ ብቻ ለካሁ።

የካቲት 10

ጎረቤታችን የሰጧት አንድ ወር አለፈ። አልወለደችም፤ ጡቷም አልሞላም። የሆዷ ዙሪያ 83 ነው፤ ከመጀመሪያው ልኬት ጋር ሲነጻጸር አልጨመረም ማለት ይቻላል።

ያላረገዘች ፍየል በየ21 ቀኑ ገደማ አውራ ትፈልጋለች፤ ያን ጊዜ ጭራዋን ታወዛውዛለች፣ ሳታቋርጥ ትጮኻለች፣ መኖም ትቀንሳለች። ጎረቤታችን ወጠጤያቸውን በየሦስት ቀኑ በገመድ እየያዙ ከሽቦው አጥር ወዲያ እንዲያቆሙልኝ አስቀድሜ ለምኛቸው ነበር። ወጠጤው አጥሩን እስኪነቀንቅ ድረስ ሲያሽካካ እሷ ጭራዋን ቆልፋ ወደ ጥላው ትሄድ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ጊዜ አልተጠጋችውም። ይህ ጥሩ ምልክት ቢሆንም ማረጋገጫ አይደለም፤ በረኃብ የተጎዳች ፍየል እርጉዝ ባትሆንም አውራ መፈለጓን ልታቆም ትችላለች።

የሚያሳስበኝ ግን ግራ ጎኗ ነው። ከኋላዋ ቆሜ ሳያት እብጠቱ ያደላው ወደ ግራ ነው። ትልቁ ጨጓራ የሚገኘው በግራ በኩል ስለሆነ፣ የሚያድግ ፅንስ በአብዛኛው ሆድን የሚገፋው በቀኝና ወደ ታች ነው። በግራ ሽንጧ ላይ ጡጫዬን ጫን አድርጌ ሳነሣው የጡጫዬ ቅርጽ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ፤ ቀስ ብሎም ሞላ። ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ፣ በደቂቃ አንድ ሁለት ጊዜ መሰማት የሚገባው የጨጓራ ጉርምርምታ በሦስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ። የድሬዳዋ የጎዳና ፍየል ምን እየለቀመች እንደምትውል ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ይህ ሆድ የያዘው ግልገል ሳይሆን ፌስታል ሊሆን ይችላል።

የካቲት 14

ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ያላቸው ሐኪም እስከ ቤታችን ድረስ መጡልኝ። ለምርመራውና ለደሙ ናሙና 900 ብር ከፈልሁ። በቀኝ በኩል ከጡቷ ፊት ለፊት ያለውን ፀጉር አልባ ቆዳ ጄል ቀብተው መሣሪያውን ወደ ውስጥ አቀኑት። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ስክሪኑን የማየው በጎን ነበር። መጀመሪያ ጥቁር ፈሳሽ ታየ፤ ሐኪሟ ግን ዝም ብለው ማሠሣቸውን ቀጠሉ። ፈሳሽ ብቻውን አያስተማምንም፤ ፅንስ የሌለበት፣ ማሕፀን ውኃ ብቻ የሚቋጥርበት የሐሰት እርግዝና ፍየል ላይ እንደሚያጋጥም አስረዱኝ። ቀጥሎ በፈሳሹ ዳርቻ ላይ ቀለበት የሚመስሉ ክቦች ወጡ፤ እነዚህ የእንግዴ ልጁ መያያዣዎች ናቸው። በመጨረሻም በጥቁሩ መሐል ቶሎ ቶሎ የምትርገበገብ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ነጥብ አሳዩኝና፣ «ልብ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ሁለተኛዋን አገኙ።

መንታ ናቸው። ሐኪሟ የጭንቅላታቸውን ስፋት ለክተው ዕድሜያቸውን ከ65 እስከ 80 ቀን ገመቱት፤ ስለዚህ የመውለጃዋ ጊዜ ከሚያዝያ 24 እስከ ግንቦት 9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ወዲያው ወደ ቀይ መስመሬ ተመለስሁ። መድኃኒቱን የሰጠኋት ከ30ኛው እስከ 45ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከአደገኛው ወር ወጥታ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከዳሩ ላይ ነበረች።

ከዚያ በግራ በኩል በእጃቸው ደጋግመው ዳሰሷትና ጥርጣሬዬን አጸኑልኝ፤ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የማይፈጭ ባዕድ ነገር ተከማችቷል። እንግዲህ ስናነሣት ሁላችንም ያየነው ትልቅ ሆድ የፌስታሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ፅንሶቹ ከ45 ቀን ያልበለጡ፣ ከውጭ ሊታዩ ፈጽሞ የማይችሉ ነበሩ። እርጉዝ ናት ያልነው ትክክል ሆነ፤ ያልንበት ምክንያት ግን ስሕተት ነበር። ሆድ አይቶ እርግዝናን መፍረድ ከዚህ ወዲያ በእኔ ግቢ ቦታ የለውም።

ፌስታሉን ማውጣት የሚቻለው ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና በመክፈት ነው። ሐኪሟ በዚህ አቅሟ እርጉዝ ሆና ቢከፍቷት ልትጨነግፍ እንደምትችል፣ የምታመሰኳና ፋንድያ የምትጥል እስከሆነ ድረስ ከወለደች በኋላ ቢደረግ እንደሚሻል መከሩ። ለብሩሴሎሲስ የተደረገው የሮዝ ቤንጋል ምርመራ ውጤት በማግሥቱ ኔጌቲቭ ሆኖ መጣ። ለልጄ ጥንቃቄውን ግን አላነሣሁም።

የካቲት 21

መንታ መሆናቸውን ከሰማሁ በኋላ ምግብ ላብዛላት ብዬ 600 ግራም ፉርሽካ ከተፈጨ በቆሎ ጋር ቀላቅዬ በአንድ ጊዜ አቀረብሁ። ጠርጋ በላችው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ግራ ሽንጧ ከጀርባ አጥንቷ በላይ ተነፍቶ፣ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኽ ነበር። የፊት እግሮቿን ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቁሜ 100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በጠርሙስ አጠጣኋት፤ ነገር ግን አንገቷን ከልክ በላይ ቀና ስላደረግሁት ትን አላትና ሳለች። ዘይት ወደ ሳንባ ቢገባ ከንፋቱ የባሰ ነው። አፏን ከዐይኗ መሥመር በላይ ሳላነሣ፣ በመንጋጋዋ ጥግ በስሪንጅ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት እንደነበረብኝ የተማርሁት ሐኪሟ መጥተው በጎማ ቱቦ አየሩን ሲያስወጡላት ነው። 400 ብር።

ጨጓራዋ እኩሌታው በፌስታል የተያዘ ስለሆነ የሚቀበለው የእኩሌታውን ያህል ነው። ከዚህ ቀን ጀምሮ ድርቆሽ አስቀድሜ፣ ድብልቁን 100 ግራም 100 ግራም አድርጌ በቀን አራት ጊዜ ብቻ አቀርባለሁ።

ሌላው ያቆምሁት ነገር ገራባ ነው። ረመዳን በዚሁ ሰሞን ስለገባ የጎረቤት ወጣቶች ሌሊት የቃሙበትን የጫት ትራፊ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ይወረውሩላት ነበር፤ እሷም ድምፃቸውን ስትሰማ እየሮጠች ትሄዳለች። በድሬዳዋና በሐረር ፍየል በገራባ መቀለቡ የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም በሌላ ጊዜ ቢሆን አልከለክልም። ነገር ግን አነቃቂ ቅጠል ለእርጉዝ እንስሳ አይመከርም፤ ከገራባው ጋር ደግሞ ጫቱ የታሰረበት ላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ልጆቹን አስጠርቼ ምክንያቱን ስነግራቸው ተረዱኝ፤ በዚያው ሳምንት ሁለቱ የባቢሌ የኦቾሎኒ ሐረግ በጆንያ ይዘውላት መጡ።

መጋቢት 5 እስከ 18፤ የመውለጃ በረት

2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነ በረት በቆርቆሮ፣ በአራት የብረት ቋሚና በሽቦ መረብ ሠራሁ። ብየዳውን ራሴ ስለሠራሁት የወጣው 6,480 ብር ብቻ ነው። ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ቦታው ነው፤ ጥላ ፍለጋ በግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ ነበር የጀመርሁት። የ1998ቱን ጎርፍ ያዩት ጎረቤታችን ቆመው ተመለከቱኝና፣ «በልግ ሲጥል ውኃው የሚተኛው እዚህ ነው፤ ግልገል ልታሰምጥ ነው?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ሁለት ቋሚዎችን ነቅዬ በድንጋይ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ገነባሁ።

ሁለተኛው ጣሪያው ነው። ቴርሞሜትር አንጠልጥዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሳነብ፣ በዛፍ ጥላ ሥር 34 ሲሆን በባዶው ቆርቆሮ ሥር 41 ዲግሪ ሆነ። በቆርቆሮው ላይ አንድ ክንድ ያህል የማሽላ አገዳ ደርድሬ፣ የላይኛውን የግድግዳ ክፍል ለነፋስ ክፍት ሳደርገው ወደ 35 ወረደ። እርጉዝ ፍየል ሙቀት ሲበዛባት መኖ ትቀንሳለች፤ በዚህ ወቅት መኖ መቀነሷ የሚያስከትለውን ደግሞ ብዙም ሳይቆይ አየሁ።

መጋቢት 28

ከመጋቢት 20 ወዲህ በግምታችን መሠረት ወደ መጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ገብታለች፤ ፅንሶቹ አብዛኛውን ክብደታቸውን የሚጨምሩት በዚህ ጊዜ ነው። ሆዷ 91 ደርሷል፤ እብጠቱም አሁን በቀኝና በታች በኩል ሆኗል። እጄን ከቀኝ እምብርቷ ጎን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ስይዘው አንድ ጠንካራ ነገር መዳፌን መልሶ ገፋው።

ዒድ አልፈጥር ባለፈ በሳምንቱ ዛሬ ጠዋት ፉርሽካውን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ከቀትር በኋላ ከጥግ ተኝታ ጥርሷን ታፋጭ ነበር። አፍንጫዋ ሥር ስጠጋ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ሙዝና እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። መንታ ያረገዘች፣ ከሲታ የሆነችና የጨጓራዋ ቦታ የጠበበባት ፍየል የሚያስፈልጋትን ኃይል ከመኖ ማግኘት ሲያቅታት የገዛ ስቧን ታነዳለች፤ ከዚህ የሚመነጨው ኬቶን ደሟን ይመርዘዋል። የእርግዝና ኬቶሲስ የሚሉት ይህን ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይገድላል።

የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ አስቀድሜ ከሰው ፋርማሲ በ350 ብር ገዝቼ ነበር። ሽንቷን ለመያዝ መሯሯጥ አያስፈልግም፤ ፍየል ከተኛችበት ስትነሣ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ትሸናለችና ጭልፋ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ አስነሣኋት። የኬቶን መመልከቻው ከነበረበት ፈዛዛ ቀለም ወደ ድፍን ወይን ጠጅ ተለወጠ። ሐኪሟ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርሰው ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧት፤ ለአራት ቀን ጠዋትና ማታ 50 ሚሊ ሊትር ሞላሰስ በለብታ ውኃ እንዳጠጣትም አዘዙ። መድኃኒቱና ምልልሱ በድምሩ 1,100 ብር ሆነ። ካልተመለሰላት ፅንሶቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ እንደሚሆን ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ሌሊቱን በረቱ ውስጥ አደርሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የማመስኳት ድምፅ ስሰማ ባትሪ አብርቼ አየኋት፤ አንዲት ጉርሻ በአንገቷ ወደ ላይ ስትወጣ ታየችኝ። በሦስተኛው ቀን ስትሪፑ ወደ ፈዛዛ ተመለሰ። ድብልቁን ወደ አምስት ጊዜ ከፍዬ ስድስት አሥረኛውን ፉርሽካ፣ ቀሪውን የተከካ ማሽላና የኑግ ፋጉሎ አደረግሁት፤ በቀን ሁለት ጊዜም ቀስ ብዬ አስኬዳታለሁ። ስትሪፕ በየሁለት ቀኑ።

ሚያዝያ 20

ጡቷ ከሦስት ሳምንት በፊት መሙላት ጀምሮ አሁን በጉልህ ይታያል፤ አላለብሁትም፤ እንገሩ ለግልገሎቹ መቆየት አለበት። ዙሪያዋ 97። ያዘጋጀሁት ዕቃ ይህ ነው፦ ረጅም ጓንት፣ አዮዲን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ በሳሙና የታጠበ ባልዲ፣ ጡጦ፣ ትንሽ ሚዛን፣ የሐኪሟ ስልክ በበረቱ በር ላይ ተጽፎ። አዲስ የገዛሁት 420 ብር ፈጀ።

ግንቦት 2

ትናንት ማታ ከጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ እንደ እርሳስ ጠጥረው ይዳሰሱ የነበሩት ጅማቶች ጠፉ፤ ጣቶቼ ጭራዋን ዙሪያውን ሊገናኙበት ጥቂት ቀራቸው። ይህ ምልክት በአብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ እንደምትወልድ ይናገራል። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መሬቱን በእግሯ እየጫረች፣ ወደ ጎኗ እየዞረች ታይ ጀመር፤ የእንቁላል አስኳል የለበሰ የመሰለ ወፍራም ንፍጥም ወረደ።

ማማጥ ከጀመረች ከግማሽ ሰዓት በላይ ምንም ካልታየ እንድደውል ታዝዤ ስለነበር ሰዓቴን ያዝሁ። በ20ኛው ደቂቃ ሁለት ሰኮናዎችና በላያቸው የተጋደመች አፍንጫ ታዩ። እጄን አላስገባሁም። የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ 2.1 ኪሎ። እናቷ እየላሰቻት ሳለ ሁለተኛው መጣ፤ የታየው ግን የሰኮናው መዳፍ ወደ ላይ የዞረ የኋላ እግር ነበር። በኋላ እግር መምጣት ራሱ ይወለዳል፤ የሚያሰጋው እትብቱ ከተጨነቀ በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ መዘግየቱ ነው። ስለዚህ ወገቡ እስኪወጣ ጠብቄ፣ ስታምጥ ብቻ ወደ ታች ወደ ሰኮናዋ አቅጣጫ ሳብሁ። ወንድ ነው፤ 1.6 ኪሎ፤ አልተነፈሰም። አፉን ጠርጌ፣ ጎኑን በደረቅ ጨርቅ አጥብቄ አሸሁት፤ በጭድ አፍንጫውን ስነካው አነጠሰ።

እትብታቸውን አዮዲን ውስጥ ነከርሁ። ሴቲቱ በ25 ደቂቃ ቆማ ጠባች። ወንዱ ጡት ማግኘት ስላቃተው እንገሩን አልቤ በጡጦ ሰጠሁት፤ በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን አሥር በመቶ ያህል፣ ማለትም 160 ሚሊ ሊትር ማግኘት ስላለበት ማታ ድረስ 40 እያልሁ አራት ጊዜ አጠጣሁት። እንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ወጣ። በጓንት ይዤ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ከኖራ ጋር ቀበርሁት።

የሁለቱንም መንጋጋ፣ ላንቃ፣ የእግር መገጣጠሚያና አከርካሪ በጣቴ አንድ በአንድ ዳሰስሁ። ጉድለት የለባቸውም። በ150 ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ያረገዘችው ታኅሣሥ 2 ገደማ ነው፤ አልቤንዳዞሉን የሰጠኋት በ37ኛው ቀን ነበር። ከቀዩ መስመር ሥር ይህንኑ ጻፍሁ፤ መስመሩን ግን አልሰረዝሁትም።

ግንቦት 27

ለአረፋ ከሚገዙ ነጋዴዎች አንዱ በ9,000 ብር ልግዛት አለኝ። የአደራ ንብረት እንደሆነች፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም ሳይወጣ ለማንም እንደማልሸጣት ነገርሁት። ወንዱ ግልገል 3.9 ኪሎ ደርሷል፤ ጡጦውንም ትቶ ከእናቱ ይጠባል።

ሰኔ 14

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ 5,000 ብር። ግራ ሽንጧ ተላጭቶ፣ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ፣ እሷ ቆማ ጭንቅላቷ እጄ ላይ ሳለ ትልቁ ጨጓራ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው እንደ ሹራብ የተጠላለፈ አንድ ጉብታ ነው፤ በባልዲ ውኃ ሳጥበው ጥቁር፣ ሰማያዊና ቢጫ ፌስታል፣ የናይሎን ገመድ ቁራጭ፣ ብዛቱ ያስደነገጠኝ የጫት መጠቅለያ ላስቲክም ሆኖ ተለያየ። ከመካከሉ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ፌስታል ቋጠሮዋ ሳይፈታ ነበር የወጣችው፤ ብፈታት ውስጧ የደቀቀ ጨው ዝቃጭ አገኘሁ። ፍየሏ የፈለገችው ጨዉን ነበር። አጥቤ ካንጠፈጠፍሁት በኋላ በግልገሎቹ ሚዛን ሳስቀምጠው 2.2 ኪሎ ሆነ፤ ወንዱ ሲወለድ ከነበረው ክብደት ይበልጣል።

በበረቱ ውስጥ የአሞሌ ጨው ሰቀልሁላት። ወተቷን ሐኪሟ በመድኃኒቱ ምክንያት በከለከሉት ቀን ሁሉ እኛ አልነካነውም።

ሰኔ 27

ስፌቱ ተፈታ፤ 300 ብር። 26.4 ኪሎ ትመዝናለች፤ ግራ ሽንጧ ላይ ጡጫዬን ስጭን አሁን ይመለሳል፤ በሁለት ደቂቃ ሦስት ጊዜ ጉርምርምታ ሰማሁ። እስከ ዛሬ ከመኖው 7,350 ብር ጋር በጠቅላላው 22,470 ብር ወጥቷል።

ወንድ ግልገል ገና በሦስትና በአራት ወሩ ማስረገዝ ሊጀምር ስለሚችል፣ ሐምሌ 30 ላይ ከእናቱና ከእኅቱ የሚለይበትን ቀን ካላንደሩ ላይ ከበብሁ። ለእሱ የሚሆን የተለየ ክፍል ለመሥራት ሁለት ቆርቆሮና ስድስት ሜትር የሽቦ መረብ ይጎድለኛል።